ከነሥሩ የሚነጠፍ ሣርና ከሥሩ ያለው አፈር፦ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት የተያዘ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ሐምሌ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ እሑድ

ከአራት ኪሎ ወደ ቀበና ሲወረድ በሚገኘው የእናቴ ግቢ ውስጥ፣ ከቤቱ ፊት ለፊት ሰባት ሜትር በስድስት ሜትር፣ በድምሩ 42 ካሬ ሜትር የሆነ ባዶ ቦታ አለ። ባለፈው ዓመት በዚሁ ቦታ ላይ አንድ ሰው በአንድ ቀን ሣር አንጥፎልን ሄዶ ነበር። ሣሩ እስከ ኅዳር ድረስ አረንጓዴ ሆኖ ቆየ፤ በጥር ገለባ መሰለ፤ በየካቲት ደግሞ እንደ ሰሌን ጠቅልለን አነሣነው። ከሥሩ ያገኘነው አራት ጣት የማይሞላ አፈርና ከዚያ በታች የተጨፈለቀ የግንባታ ፍርስራሽ ብቻ ነበር። ዘንድሮ ሥራውን ራሴ ይዤዋለሁ፤ እያንዳንዱ ውሳኔ በምን ምክንያት እንደተወሰነ እንዳይረሳ ደግሞ በየዕለቱ እመዘግባለሁ።

ዛሬ ዶማ አልተነሣም። ከሰዓት በኋላ ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል በረንዳው ላይ ቆሜ ውሃው ከየት መጥቶ የት እንደሚቆም ስመለከት ዋልሁ። የግቢው ተዳፋት ወደ አጥሩ ሳይሆን ወደ ቤቱ ግድግዳ ያዘነብላል፤ ከአሸንዳው የሚወርደውም ውሃ እዚያው ይጠራቀማል። ዝናቡ ካባራ በኋላ 30 ሳንቲ ሜትር የሚጠልቅ ጉድጓድ በመሐል ቆፍሬ ውሃ ሞላሁት፤ ያ ሲሰርግ እንደገና ሞልቼ በእንጨት ላይ ምልክት አደረግሁ። ለሣር የሚስማማ መሬት በሰዓት ቢያንስ ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ውሃ ማስረግ ሲኖርበት፣ የእኛ ጉድጓድ በአንድ ሙሉ ሰዓት ውስጥ የቀነሰው አንድ ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። በሐምሌ መሬቱ ራሱ ውሃ የጠገበ መሆኑ ቢታሰብ እንኳ፣ ይህ ልኬት የአምናው ሣር የሞተው በውሃ እጥረት ብቻ እንዳልሆነ ይነግረኛል። ሥሩ በክረምት በውሃ ታፍኖ ወደ ታች መውረድ ስላልቻለ፣ በጋው ሲመጣ የሚጠጣበት ጥልቀት አልነበረውም።

ሐምሌ 27 ቀን፣ እሑድ

ባለፈው ሐሙስ ከአራት የተለያዩ ቦታዎች የወሰድሁትን አፈር አደባልቄ፣ ግማሹን በሞላሁት የብርጭቆ ማሰሮ ውስጥ ውሃ ጨምሬ ለረጅም ጊዜ አንቀጥቅጬ አስቀምጬው ነበር። አሸዋው በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ዘቀጠ፤ ደለሉ ሰዓታት ወሰደ፤ ሸክላው ግን ከሦስት ቀን በኋላም ውሃውን ሙሉ በሙሉ አላጠራውም። ከተቀመጠው 12 ሳንቲ ሜትር አፈር ውስጥ አሸዋው ሁለት፣ ደለሉ ሦስት፣ ሸክላው ሰባት ሳንቲ ሜትር ሆኖ አገኘሁት። ከግማሽ በላይ ሸክላ ማለት ነው።

በችግኝ ጣቢያ ብዙ ዓመት የሠሩ ጎረቤታችን ጋሼ መጥተው ማሰሮውን ለአፍታ ካዩ በኋላ ወደ ጎን አደረጉትና እፍኝ አፈር አንሥተው በጥቂት ውሃ አሹት። እንደ ሊጥ አድቦልቡለው በመዳፋቸው መካከል አሾሩት፤ ቀጭን ሆኖ ሲረዝም ጫፍና ጫፉን አጋጥመው ቀለበት አደረጉት። ቀለበቱ አንድም ቦታ ላይ አልተሰነጠቀም። «ልጄ፣ ይኼ እኮ ጀበና ይወጣዋል» አሉኝ፤ «ሣር እንዲይዝልህ ከፈለግህ መጀመሪያ አየር ስጠው።»

አሸዋ መጨመር እንዳለብኝ የነገሩኝ ሰዎች ጥቂት አይደሉም፤ እኔ ግን ይህን ምክር አልተቀበልሁም። በሸክላ አፈር ላይ ጥቂት አሸዋ መጨመር የአሸዋው ቅንጣት በሸክላው እንዲዋጥና ድብልቁ ሲደርቅ እንደ ጡብ እንዲጠነክር ያደርጋል፤ ባሕርዩን በእውነት ለመለወጥ ደግሞ ከአፈሩ ግማሽ የሚበልጥ አሸዋ ያስፈልጋል። የሸክላን ቅንጣቶች እያያያዘ ፍርፋሪ የሚያደርጋቸውና በመካከላቸው አየር የሚያስገባው በሚገባ የበሰለ ብስባሽ ነው። ስለዚህ ገንዘቡም ጉልበቱም ወደ ብስባሹ ይሄዳል።

ነሐሴ 3 እና 4 ቀን

ሁለት የቀን ሠራተኞችና እኔ ሆነን 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች ቆፈርን። የወጣው ነገር የሰፈሩን ታሪክ የሚናገር ነው፦ የሲሚንቶ ስብርባሪ፣ ዝገት የበላው ሚስማር፣ የቆርቆሮ ቁራጭ፣ የብሎኬት ግማሽ፣ አንድ ሙሉ የበር ማጠፊያ። ፍርስራሹ በአብዛኛው ቦታ ላይ 15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ነበረው። እስኪያልቅ ድረስ ለቅመን በጆንያ አወጣነው፤ ሲሚንቶ በአፈር ውስጥ ቢቀር አካባቢውን ከልክ በላይ አልካላይን ያደርገዋልና በጣት የሚለቀመውን ያህል በጣት ለቀምን።

ከፍርስራሹ ሥር ቀይ ቡናማ የሆነው የቀበና አፈር ብቅ ሲል በጣም ደስ አለኝ። ተጠቅጥቆ የጠነከረ ቢሆንም ሕይወት ያለው አፈር ነው፤ በመጀመሪያው የዶማ ምት ሁለት የመሬት ትሎች ወጡ። ይህን የታችኛውን አፈር ሳንገለብጠው በመቆፈሪያ ሌላ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ፈልፍለን አላላነው።

እንግጫው ግን አስቸግሮናል። ከላይ ሲነቀል የሚሰበር፣ ከታች ግን አተር የሚያህል እንክብል እየተወ ደግሞ የሚበቅል በመሆኑ፣ እያንዳንዱን ክር ተከትሎ እስከ እንክብሉ መቆፈር ያስፈልጋል። እናቴ የጎጃም ሰው ናትና በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ልጃገረዶች በዘፈን የሚነቅሉትን እንግጫ በዚህ መልኩ ስንረግመው ሰምታ ቅር አላት። እሷን ለማስደሰት ከአጥሩ ውጭ በቦዩ ዳር የበቀለውን አልነካነውም።

በምሥራቁ ጥግ ባለው የግራቪሊያ ዛፍ ሥር ያለው መሬት በ42ቱ ካሬ ሜትር ስሌት ውስጥ አልገባም። በዚያ ቦታ ፀሐይ የምትቆየው በቀን ከሦስት ሰዓት አይበልጥም፤ ለመጠቀም ያሰብነው ሣርም ጥላ አይወድም። እዚያ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይነጠፍበታል።

ነሐሴ 11 ቀን፣ እሑድ

ዛሬ የደረሰው ስሕተት በከፊል የእኔው ነው። የጎደለውን ለመሙላት አፈር አዝዤ ነበር፤ ሻጩ በስልክ «ጥቁር ለም አፈር» ስላለኝ ሳላየው ተስማማሁ። የጭነት መኪናው በማለዳ መጥቶ በሩ ላይ ዘረገፈው። በእጄ ሳነሣው እንደ ማስቲሽ ጣቴ ላይ ተለጠፈ፤ ንጹሕ ዋልካ ነው።

ጥቁር መሆኑ ብዙ ሰው ያታልላል። ይህ አፈር በአቃቂና በቦሌ በኩል በስፋት የሚገኝ፣ ቤት ሠሪዎች መሠረት ከመጣላቸው በፊት ቆፍረው የሚያስወግዱት ነው፤ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል፣ ስንጥቁም የሣሩን ሥር ይበጥሳል። ለጤፍና ለሽምብራ የሚስማማ መሬት ነው፤ ለዚህ ግቢ ግን አይሆንም። ከዚህም በላይ፣ በቀዩ አፈር ላይ ዋልካ ቢደረብ ሁለቱ በሚገናኙበት መስመር ላይ ውሃው ይቆማል፤ ሥሩም በዚያ መስመር ላይ ተጣጥፎ ይቀራል። ሻጩ መልሶ ለመውሰድ የትራንስፖርቱን ግማሽ አስከፈለኝ፤ ከፍዬ አስወሰድሁት።

ከሰዓት በኋላ ጋሼ በጠቆሙኝ ችግኝ ጣቢያ ራሴ ሄጄ በእጄ ጨብጬ አየሁ። እርጥቡን አፈር ስጨብጠው ቅርጽ ይይዛል፣ በአውራ ጣት ስነካው ደግሞ ይፈረፈራል። ይህን በሁለት ምልልስ አስመጣሁ።

ነሐሴ 13 ቀን

ቡሄ ነው። ልጆቹ በሩ ላይ ጅራፍ እያጮኹ ሲጨፍሩ፣ እኔ የማስበው ስለ ዝናቡ ነበር። «ቡሄ ከዋለ የለም ክረምት» የሚባለው ለእኔ ሥራ የቀን መቁጠሪያ ነው። በሐምሌ ቢነጠፍ የዝናቡ ብርታት መጋጠሚያዎቹን እያጠበ አፈር ያወጣል፣ ደመናውም ሣሩን ብርሃን ይነሣዋል፤ በኅዳር ቢነጠፍ ደግሞ ውሃው ሁሉ ከቧንቧ ሊመጣ ነው። በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም መጀመሪያ ግን መሬቱ እርጥብ ሆኖ ፀሐይ ትመለሳለች። ስለዚህ ማንጠፊያውን ለጳጉሜን ወስኛለሁ።

ነሐሴ 18 ቀን፣ እሑድ

አራት ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ብስባሽ በ42 ካሬ ሜትር ላይ ለመዘርጋት 1.7 ሜትር ኩብ ያስፈልጋል፤ ይህም ሃምሳ ሊትር በሚይዝ ጆንያ 34 ጆንያ ነው። ከመግዛቴ በፊት እጄን እስከ ክንዴ በክምሩ መሐል አስገባሁ፤ ሙቀት የለውም። ሽታው የጫካ መሬት እንጂ የበረት አይደለም። ያልበሰለ ፍግ ሥርን ያቃጥላል፤ ከከብቱ ሆድ ያለፈ የአረም ዘርም ይዞ ይመጣል።

መጀመሪያ ግን የውሃ ማስወጫው ተሠራ። ዝቅተኛ እንዲሆን በወሰንሁት በአጥሩ በኩል፣ ሰባት ሜትር የሚረዝም፣ 40 ሳንቲ ሜትር የሚጠልቅ ቦይ ቆፈርን። ከታች ጠጠር፣ በላዩ ቀዳዳዎቹ ወደ ታች የዞሩ የፒቪሲ ቱቦ፣ እንደገና ጠጠር፣ ከዚያም ደለል እንዳይገባ ውሃ የሚያሳልፍ ጨርቅ አልብሰን በአፈር ደፈንነው። የቱቦው ጫፍ ከግቢው ውጭ ወዳለው የጎርፍ መውረጃ ይወጣል።

ከዚያ በኋላ የመጣውን አፈር፣ ብስባሹንና አንድ ኪሎ ኤንፒኤስ ማዳበሪያ በእኩል በትነን፣ ሁሉንም ከነባሩ አፈር ጋር እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ድረስ አደባለቅነው። ኤንፒኤስ ውስጥ 38 በመቶ ፎስፌት አለ፤ ፎስፎረስ በአፈር ውስጥ ብዙም ስለማይንቀሳቀስ፣ ሥሩ እንዲያገኘው አሁን ከታች ካልገባ በኋላ ከላይ ቢበተን ጥቅሙ ትንሽ ነው። አፈሩ እርጥብ ጭቃ በሆነበት ሰዓት ግን አልሠራንም፤ እርጥብ ሸክላን መርገጥ የሳምንት ልፋትን በአንድ ቀን ያበላሻልና ጠዋት ሁለት ሰዓት ያህል እስኪጠፈፍ ጠበቅን።

ነሐሴ 24 እና 25 ቀን

ተዳፋቱን ማስተካከል ከጠበቅሁት በላይ ጊዜ ወሰደ። ከቤቱ ወደ አጥሩ በየሜትሩ ሁለት ሳንቲ ሜትር ዝቅ እንዲል፣ ማለትም በስድስት ሜትር ውስጥ 12 ሳንቲ ሜትር እንዲወርድ ችካል ተክለን ሲባጎ በውሃ ልክ ወጠርን። በድንጋይ ንጣፉ ዳር ደግሞ አፈሩ ከንጣፉ ሦስት ሳንቲ ሜትር ዝቅ እንዲል አደረግሁ፤ ሣሩ ከነአፈሩ ሲቀመጥ ከንጣፉ እኩል ይሆናል፤ አለበለዚያ ዝናብ አፈሩን ወደ መተላለፊያው ያወጣዋል።

ለመጠቅጠቅ አንድ በርሜል ሲሶውን ውሃ ሞልተን አንከባለልነው። መለኪያዬ ቀላል ነው፤ ሰው ሲቆምበት እግሩ ከአንድ ሳንቲ ሜትር በላይ ካልጠለቀ በቂ ነው። ከዚያ በኋላ ላዩን በሬክ ጫር ጫር አደረግነው። አንድ ሳምንት ያህል እንዲቀመጥ መተዉ አንድ ሌላ ጥቅም አለው፦ በአፈሩ ውስጥ የቀረው የአረም ዘር አሁን ይበቅላል፣ ሣሩ ሳይነጠፍበትም ይነቀላል።

ጳጉሜን 2 ቀን፣ እሑድ

የመረጥነው በአዲስ አበባ ብዙ ግቢ ውስጥ የሚታየውን ኪኩዩ ነው። የምሥራቅ አፍሪካ ከፍተኛ ቦታዎች ተወላጅ ስለሆነ ከ2,300 ሜትር በላይ ያለው የከተማችን ብርድ አያስደነግጠውም፤ ከመሬት በላይም ከመሬት በታችም እየሳበ ስለሚሄድ የተጎዳ ቦታ ቶሎ ይሸፍናል። ይኸው ጥንካሬው ግን የአበባ መደብ ሁሉ ሊወርስ ስለሚችል በዙሪያው 20 ሳንቲ ሜትር የሚጠልቅ የድንጋይ ጠርዝ ቀብረንበታል። ሰርዶም ታስቦ ነበር፤ ድርቅ ይችላል፣ ነገር ግን በብርዳማው ወራት ይደበዝዛል፤ እናቴ ደግሞ በገና ሰሞን አረንጓዴ ማየት ትፈልጋለች።

ሣሩ ሃምሳ በሃምሳ ሳንቲ ሜትር ተቆርጦ፣ አንድ ካሬ በአራት ቁራጭ ሆኖ፣ 44 ካሬ ታዘዘ። ሁለቱ ካሬ ለጠርዝ መቁረጫና ለሚጣል ነው። ዛሬ በማለዳ እንዲደርስ ብንነጋገርም መኪናው የገባው ከረፋዱ አምስት ሰዓት በኋላ ነው። መጀመሪያ ያደረግሁት እጄን በክምሩ መሐል ማስገባት ነበር። በብስባሹ ሳጣው ደስ ያለኝን ሙቀት እዚህ አገኘሁት፤ የታችኞቹ ቁራጮች እንደ ታመመ ሰው ግንባር ይሞቁ ነበር፣ ቅጠላቸውም ቢጫ መምታት ጀምሯል። ተቆርጦ የተከመረ ሣር ራሱን ያበስላል፤ ከተቆረጠ በ24 ሰዓት ውስጥ መሬት መንካት አለበት። ወዲያውኑ ክምሩን በትነን በጥላ ሥር ዘረጋነውና ውሃ አርከፈከፍንበት። ሥራቸው ሳስቶ አፈራቸው የረገፈ ጥቂት ቁራጮችን ለየሁ፤ አንዱ ላይ የእንግጫ ክር ስላየሁ እሱንም ጣልሁት።

መሬቱን አርጥበን ከንጣፉ ቀጥታ ጠርዝ ጀመርን። አቀማመጡ እንደ ብሎኬት ግንብ ነው፤ የሁለተኛው ረድፍ መጋጠሚያ በመጀመሪያው ረድፍ ቁራጭ መሐል ላይ ይውላል፤ አለበለዚያ ውሃ አንድ ረጅም መንገድ አግኝቶ ያጥበዋል። ጠርዝ ከጠርዝ ይነካካል እንጂ አይደራረብም። ቁራጩን በመጎተት ክፍተት መሙላት ደግሞ ትልቅ ስሕተት ነው፤ የተሳበ ሣር ሲደርቅ ይሰበሰብና ክፍተቱ ተመልሶ ይመጣል። በእጄ ጎን እየገፋሁ፣ መጋጠሚያው ከላይ እስኪጠፋ ድረስ ጣቴን በስፌቱ ላይ አሳልፌ እፈትሽ ነበር። በተነጠፈውም ባልተነጠፈውም ላይ በቀጥታ አልቆምንም፤ ክብደቱን የሚያከፋፍል ሳንቃ እየዘረጋን በእሱ ላይ ተንበረከክን። ትናንሽ ቁራጮችን በዳር ላይ አላኖርሁም፤ ዳር ቶሎ ይደርቃልና ሙሉዎቹን ወደ ዳር፣ የተቆረጡትን ወደ መሐል አደረግሁ።

ከመጀመሪያዎቹ አራት ረድፎች በኋላ የቀረውን ሳንጠብቅ ውሃ ማጠጣት ጀመርን። ማታ ላይ ሁሉም ካለቀ በኋላ በርሜሉን ቀስ ብለን አንከባለልንበት፤ ሥሩና አፈሩ መካከል የሚቀር አየር ሥሩን ያደርቀዋል። በመጋጠሚያዎቹ ላይ የተነፋ ብስባሽና ጥቂት አሸዋ በመጥረጊያ አስገባን። አሸዋ ለዚህ ሥራ ተገቢ ነው። ከዚያ አንድ ሚሊ ሜትር ውሃ በአንድ ካሬ ላይ አንድ ሊትር መሆኑን ይዤ፣ ለአሥር ሚሊ ሜትር 420 ሊትር ከሮቶ አጠጣሁ። አንዱን ቁራጭ ገልጬ በቢላ ስወጋ እርጥበቱ ከሥር ካለው አፈር አሥር ሳንቲ ሜትር ወርዶ ነበር።

መስከረም 1 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለመጣው እንግዳ ሁሉ በድንጋዩ ላይ ብቻ እንዲሄድ ነገርን። አበባየሆሽ የሚሉት ልጆች በሩ ላይ ዘፍነው ሄዱ። ጠዋት አንድ ጊዜ፣ ከሰዓት አንድ ጊዜ ቀላል ውሃ፣ በድምሩ አምስት ሚሊ ሜትር፣ ወደ 210 ሊትር። የቧንቧው ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ከአሸንዳው ወደ ሁለት በርሜሎች የሚወርደው የጣራ ውሃ ሸክሙን አቀለለልን።

መስከረም 4 ቀን፣ እሑድ

በአጥሩ በኩል አራት ቁራጮች ሰርጉደው ውሃ ያቆሩበታል። ምክንያቱን ለማወቅ ብዙ ማሰብ አላስፈለገኝም፤ ከቱቦው በላይ ያለውን አፈር በንብርብር እየጠቀጠቅሁ መሙላት ሲገባኝ በአንድ ጊዜ ነበር የደፈንሁት። ሣሩ ገና ስላልያዘ አራቱን ቁራጮች በአካፋ ከነአፈራቸው አነሣን፤ ከሥራቸው ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል አፈር ጨምረን በእንጨት ጠቀጠቅንና መለስናቸው። አንድ ሳምንት ቢዘገይ ኖሮ አዲሱ ሥር ይበጠስ ነበር።

መስከረም 11 ቀን፣ እሑድ

አንድ ቁራጭ በጫፉ ይዤ ወደ ላይ ሳብሁ። አልተነሣም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ነጫጭ ሥሮች አፈሩን ይዘዋል ማለት ነው። ከዛሬ ጀምሮ ውሃው በየሁለት ቀኑ፣ መጠኑ ግን በእጥፍ ይሆናል። ላዩ በትንሹ እየደረቀ ታችኛው እርጥብ ሲቀር ሥሩ ውሃውን ተከትሎ ይወርዳል፤ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ቢጠጣ ግን ላይ ላዩን ይቀራል። የአምናው ሣር በየማታው ይረጭ ነበር።

መስከረም 18 ቀን፣ እሑድ

የመስቀል ማግስት። ሣሩ ሰባት ሳንቲ ሜትር ተኩል ደርሷል። የተሳለ የእጅ ማጨጃ ተውሼ ወደ አምስት ሳንቲ ሜትር አሳጠርሁት፤ በአንድ ጊዜ ከቁመቱ ሲሶ በላይ መቁረጥ ሥሩን ያዳክማል። ከጠዋቱ ጤዛ ከተነሣ በኋላ ነው የታጨደው፤ እርጥብ ሣር በምላጩ ይቀደዳል እንጂ አይቆረጥም። በቦዩ ላይ የተስተካከሉት አራቱ ቁራጮች ከሌሎቹ ትንሽ ይገረጣሉ፤ ለእነሱ ብቻ የእጅ ውሃ ለአንድ ሳምንት እቀጥላለሁ።

ጥቅምት 9 ቀን፣ እሑድ

ስድስተኛው ሳምንት። 420 ግራም ዩሪያ መዝኜ፣ ለሁለት ከፍዬ፣ ግማሹን በርዝመት፣ ግማሹን በወርድ በደረቅ ቅጠል ላይ በትኜ ወዲያው ውሃ አጠጣሁ። ቅጠል ላይ የቀረ ዩሪያ ያቃጥላል።

ዝናቡ ቆሟል። ከዚህ በኋላ እስከ በልግ ድረስ በሳምንት 25 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም አንድ ሺህ ሊትር ያህል፣ በሁለት ጊዜ ይሰጠዋል፤ የቧንቧው ፈረቃ ረቡዕና ቅዳሜ ሌሊት ስለሆነ ሮቶው ሞልቶ ሐሙስና እሑድ ማለዳ ይጠጣል።

ማታ ላይ ከጋሼ ጋር በመሐል ቦታ በረጅም ቢላ ሦስት ማዕዘን አድርገን አንድ ቁራሽ አወጣን። ሥሩ የመጣበትን አፈር አልፎ፣ ብስባሹ የተደባለቀበትን ንብርብር አቋርጦ፣ 13 ሳንቲ ሜትር ላይ ቀዩን አፈር ነክቷል። በሁለቱ አፈሮች መካከል የታጠፈ ሥር አላየንም። ጋሼ ቁራሹን አገላብጠው ካዩ በኋላ ወደ ቦታው መልሰው በጫማቸው ረገጥ አደረጉት፤ እኔም አንድ ጣሳ ውሃ አፈሰስሁበት።